ሳላይ የፈረምኩበት ደብተር

ባለፈው ኅዳር በምሠራበት ሆቴል ማዕድ ቤት ሁለት ኮሚዎችን ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። ኮሚ በሼፎች ሥር ሆኖ የሚያዘጋጅ፣ የሚያቀርብና እግረ መንገዱን የሚማር ጀማሪ አብሳይ ነው። ካመለከቱት ውስጥ 7ቱን ለተግባር ፈተና ጠራናቸው። ፈተናውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም ለማስጨነቅ አስቤ አልነበረም። ለእያንዳንዳቸው ላባው የተነጨ አንድ አንድ ዶሮ ሰጥተን፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ 12 ብልት አውጥተው፣ በሎሚና በጨው አጥበው ለወጥ ዝግጁ እንዲያደርጉት ነበር የጠየቅነው። በምግብ ዝግጅት ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ለያዘ ሰው ይህ ከባድ ጥያቄ አልመሰለኝም።

አራተኛዋ ተፈታኝ ዕድሜዋ 22 ወይም 23 ቢሆን ነው። ቢላዋውን ከእጀታው ጫፍ ስትይዝ ገና ቀሪው ምን እንደሚሆን ገባኝ። ታፋውን ከመገጣጠሚያው ላይ ፈልጋ መለየት ሲገባት አጥንቱን መሀል ለመሀል መታችው፤ አጥንቱ ተሰነጠቀና ስባሪው ሥጋው ውስጥ ገባ። ፈረሰኛውን ለሁለት ከፈለችው። መቋደሻው የቱ እንደሆነ ለመለየት ዶሮውን ደጋግማ አገላበጠችው። ወደ 25ኛው ደቂቃ ላይ ቢላዋውን በቀስታ አስቀምጣ፣ «ይቅርታ ሼፍ፣ ሲሠራ አይቻለሁ እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም» አለችኝ። ለማስተዛዘን ብላ የተናገረችው አልነበረም፤ የሆነውን ነበር የነገረችኝ።

ይህች ልጅ ብቁ ናት ብሎ የመሰከረላት ማን እንደሆነ ለማወቅ ማኅደሯን ከፈትኩት። ከኮሌጇ ማስረጃና ከብቃት ምዘናው የምስክር ወረቀት ቀጥሎ፣ ለልምምድ በወጣችበት ጊዜ የተሞላው የመከታተያ ደብተር ቅጂ ተያይዟል። በግራ በኩል የተግባሮቹ ዝርዝር፣ በመሀል «ብቁ» እና «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች፣ በቀኝ በኩል የድርጅቱ አሠልጣኝ ፊርማ ይታያል። የዶሮ ብልት አወጣጥ ከላይ በ6ኛው መስመር ላይ ሰፍሯል። «ብቁ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ፊርማው የእኔ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሌላ ሆቴል የማዕድ ቤት ኃላፊ ሳለሁ ነበር የፈረምኩት። ልጅቷ በዚያ ማዕድ ቤት 3 ወር ሠርታለች፤ እኔ ግን ፊት ለፊቴ ቆማ እንኳን አላወቅኋትም። እርሷ አውቃኝ ነበር፤ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከፈተናው በፊት ያልተናገረችው ውለታ የጠየቀች እንዳይመስልባት ብላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሳይንና አስተናጋጅን የማሠልጠን ኃላፊነት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። በየስብሰባው ስንሰማው ለኖርነው ለዚህ ጥያቄ የለመድነው መልስ «የሁላችንም» የሚል ነው። የሁላችንም የሆነ ነገር ግን በዚያ ደብተር ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ በዚያ መስመር ላይ የፈረመውም አንድ ሰው ነው።

ያ ሦስት ወር እንዴት እንዳለፈ አሁን በደንብ አስታውሳለሁ። በዚያ ዓመት 14 ተለማማጆች በአንድ ጊዜ ተልከውልን ነበር። እነርሱ «አፓረንት ወጣን» ይላሉ፤ ደብዳቤው «የትብብር ሥልጠና» ይለዋል። የሆቴሉ ባለቤት በመምጣታቸው ደስ ብሎት ነበር፤ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት 4 ሠራተኞች ለቅቀው፣ የሠርግ ወቅት ደርሶ፣ እጅ አጥሮን ነበር። የመጡት ልጆች ደመወዝ አይጠይቁም፤ ምሳ ካበላናቸው ይበቃል። ስለዚህ ልጆቹን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ እጅ ተቀበልናቸው። ግማሹን ወደ ሽንኩርት መላጫው፣ ግማሹን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ላክሁ። የሽንኩርቱ ክፍል መስኮት አልነበረውም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገብተው 8 ሰዓት ላይ ዓይናቸው ቀልቶ ይወጡ ነበር፤ በማግሥቱም እዚያው። በሦስት ወር ውስጥ ምድጃ አጠገብ የቆሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ደፋሮች ስለነበሩ በራሳቸው ተጋፍተው የገቡ ናቸው። የኮሌጁ አስተባባሪ አንድ ቀን መጥቶ፣ ከእኔ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ ልጆቹ ሰዓት ያከብሩ እንደሆነ ጠይቆ ተመለሰ። በመጨረሻው ዓርብ 14ቱም ደብተሮች ጠረጴዛዬ ላይ ተከምረው አገኘኋቸው። የምሽቱ ግብዣ 300 ሰው ነበረው። 14ቱንም ደብተር ከ20 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ፈርሜ ጨረስኩ፤ የማንንም ተስፋ አላደናቀፍኩም፣ ደግ ሠራሁ ብዬም አሰብኩ።

ይህን ሳደርግ ያፈረስኩት አንድ የደግነት ወግ ብቻ አልነበረም። የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓት የቆመው፣ ሠልጣኙ ከጊዜው 30 በመቶውን በማሠልጠኛ ተቋም፣ 70 በመቶውን ደግሞ በሥራ ቦታ ያሳልፋል በሚል መርሕ ላይ ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954/2008ም ድርጅቶችን የሥልጠናው አካል አድርጎ ነው የሚያያቸው። ይህ ማለት፣ አንዲት ልጅ አብሳይ ለመሆን ከምትማረው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚሰጣት በእኛ ምድጃ ዙሪያ ነው ተብሎ ታስቧል ማለት ነው። ኮሌጆቹ የሚችሉትን ያህል ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ ተጋብዤ በገባሁበት የተግባር ክፍል አንድ አሠልጣኝ በአንድ ዶሮ ላይ ብልት አወጣጥ ሲያሳይ፣ ተማሪዎቹ በሦስት ረድፍ ቆመው፣ ከኋላ ያሉት በጣታቸው ጫፍ ተንጠራርተው ይመለከቱ ነበር። የዶሮ ዋጋ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ሰው አሠልጣኙን መውቀስ አይቻልም። «ሲሠራ አይቻለሁ» ያለችኝ ልጅ ያየችው እንዲያ ባለ ክፍል ውስጥ ይሆናል። በእጇ መሥራቱን እንድንጨምርላት ነበር ወደ እኛ የላኳት።

እዚህ ላይ ከራሴ ጥፋት ትንሽ ወጣ ብዬ፣ ለምን ይህን ያህል እንደቀለለብን ማሰብ እፈልጋለሁ፤ የስንፍና ጉዳይ ብቻ አይመስለኝምና።

በአማርኛ «ሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። በአንደኛው ቤት የሐኪም፣ የመሐንዲስ፣ የአናጢ ሙያ እንላለን፤ ያ ሙያ ትምህርት ቤት አለው፣ ዓመታት አሉት፣ ዋጋ አለው። በሁለተኛው ቤት «ሙያ ያላት ሴት» እንላለን፤ ያ ደግሞ ወጥ መሥራት፣ እንጀራ መጋገር፣ ጠላ መጥመቅ፣ ጠጅ መጣል፣ እንግዳ መቀበል ነው። ይህኛውን ያስተማረችው እናት ናት። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የልጅቷ ሥልጠና የእናቲቱ ሥራ ነው ተብሎ ይታመናል። እናት ለዚህ ያወጣችውን ጊዜ፣ የተቃጠለውን ሽንኩርት፣ የተበላሸውን ሊጥ ማንም ቆጥሮ አያውቅም። ሆቴሎቻችን ሲከፈቱ ይህን የእናቶችን ሥልጠና በነፃ ተረከቡት። የወጥ ሠሪዋ እጅ ሲቀጠር፣ ከ10 ዓመቷ ጀምሮ በጭስ ውስጥ የተማረችው ሁሉ አብሮ ይመጣል፤ ሆቴሉ ለዚያ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ከዚህ የተነሣ ባለቤቶቻችን ማሠልጠንን እንደ ወጪ ማሰብ አልለመዱም። ሰው ሠልጥኖ ከቤቱ ይመጣል ብለው ነው የሚጠብቁት።

እናቶቹ ግን አሁን እንደ ድሮው አያስተምሩም፤ ማስተማርም አይችሉም። በኮንዶሚኒየም ያደገች፣ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትመለስ እናት ያላት ልጅ፣ እንጀራው ከሱቅ፣ በርበሬው ከወፍጮ ቤት፣ ሽሮው በላስቲክ ታሽጎ በሚመጣበት ቤት ውስጥ ማን አሳይቷት ትምጣ? በዚያ ላይ የሆቴል ሥራ የቤት ሥራ አይደለም። ለ6 ሰው የሚሆን ዶሮ የምትሠራ እናት ለ200 ሰው ቁሌት እንዴት እንደሚበስል አታውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅባትም።

እኔ ቁሌት የተማርኩት በደሴ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ ሆቴል፣ ሁላችንም «እናቴ» እያልን ከምንጠራቸው ወጥ ሠሪ ነው። በዚያ ማዕድ ቤት ውስጥ ሼፍ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ቃሉንም አናውቀውም። እናቴ ማንንም ቁጭ አድርገው አላስተማሩም። የሽንኩርቱን ድስት ጥደው ማማሰያውን ይሰጡኝና «እስኪነግርህ ድረስ አማስል» ይሉኝ ነበር። ምን እንደሚነግረኝ አልገባኝም ነበር። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውኃ ይበስላል፤ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ውኃውን ሲጨርስ ድምፁ ይወርዳል፣ የማማሰያው አካሄድ ይከብዳል። ያን ጊዜ ነው ዘይቱ፣ ቀጥሎ በርበሬው የሚገባው። ከዚያ በፊት ከገባ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ካለፈ ደግሞ ሥሩ ይይዝና ምሬቱ በምንም አይመለስም። አንድ ቀን ሥሩን አስያዝኩት። እናቴ ድስቱን አወረዱ፣ በማንኪያ ጫፍ ቀምሰው ለእኔም አቀመሱኝ። «ይህን ምሬት ልብ በል፤ ደግመህ ስትቀምሰው ታውቀዋለህ» አሉና ከነድስቱ አስደፉት። በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ የለም ብለን ደንበኛ መለስን። የሆቴሉ ባለቤት እየተቆጡ ሲመጡ፣ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አሏቸው።

ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ ድስት የእኔ ሥልጠና ዋጋ እንደነበረ፣ ዋጋውንም የከፈሉት እርሳቸው እንደሆኑ የገባኝ ግን ይኸው አሁን ነው።

ሆኖም ስለ እናቴ ሁሉንም ካልተናገርኩ እውነቱን አጎድላለሁ። መከለሻውን ለማንም አላሳዩም። ቅመሙን ቤታቸው አዘጋጅተው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር የሚጨምሩት። «ሙያ በልብ ነው» ይሉ ነበር። ያኔ እንደ ንፉግነት አየሁት። አሁን ሳስበው፣ ጡረታ ለሌላቸው፣ በማንኛውም ጠዋት ሊሰናበቱ ለሚችሉ ሴት፣ ያ የጨርቅ ቋጠሮ ብቸኛው ዋስትናቸው ነበር። ያንን ካስተማሩ በርካሽ በሚሠራ ልጅ ሊተኩ ይችላሉ። በየማዕድ ቤቱ የሚታየው የሙያ መደበቅ ከክፋት ይልቅ ከፍርሃት የሚመነጭ ይመስለኛል፤ ነባሩ ሠራተኛ ተለማማጁን ከማስተማሩ በፊት የራሱ ቦታ የተጠበቀ መሆኑን ማወቅ አለበት። ስለ ሥልጠና ስናወራ ይህን አንጠቅሰውም።

የመስተንግዶ ሥርዓት በአገራችን አዲስ አይደለም። በቤተ መንግሥት አሳላፊው፣ አጋፋሪው፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ወጥ ቤቷ እያንዳንዳቸው ሥፍራና ማዕረግ ነበራቸው፤ አንዱ ከሌላው ሥር ሆኖ እያየና እየተገሠጸ ያድግ ነበር። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያሰናዱት ግብር ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣ ነው፤ ያን ያህል ሕዝብ በሥርዓት ማስተናገድ ለዓመታት የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው በፒያሳ የሚገኘው ሆቴላቸው ሲከፈት፣ ምግብ በገንዘብ መብላት ነውር መስሎት ሰው እንደሸሸና ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተው እንደከፈሉ ይነገራል። ደንበኛውን ሳይቀር ማሠልጠን አስፈልጎ ነበር ማለት ነው። ያንን ያደረጉት የቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ኃላፊነቱን በዘመናዊ መንገድ ወሰደ። የአዲስ አበባ ሂልተን በተከፈተበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ዛሬ የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ ብዙዎቻችን ግን አሁንም «ሲቲቲአይ» የምንለው ተቋም ተመሠረተ። ከዚያ የወጡ ሰዎች በየሆቴሉ ማዕድ ቤት፣ አዳራሽና እንግዳ መቀበያ ዛሬም አሉ፤ እኔ ራሴ አውሮፓዊ ሶስ አሠራርን የተማርኩት ከዚያ ተመርቆ ከመጣ አለቃዬ ነው። ችግሩ፣ ተቋሙ ሲኖር እኛ ዕዳችንን ወደ እርሱ አዛወርን። ኢንስቲትዩት አለ፣ ኮሌጅ አለ፣ እነርሱ ያሠልጥኑ፣ እኛ እንቀጥራለን አልን።

ከአለቆቼ ለአንዱ ይህንኑ ባነሣ፣ «አሠልጥኜ ለጎረቤት ልስጥ?» ብሎ መለሰልኝ። ይህን ጥያቄ አልንቀውም። በእውነት የሚሆን ነገር ነው። ሁለት ዓመት ጊዜና ጥሬ ዕቃ አውጥተህ አንድ ልጅ ታበቃለህ፤ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ሆቴል ይከፈታል፤ በደመወዙ ላይ ጥቂት ጨምሮ ይወስደዋል። ያሠለጠነ ከሰረ፣ ያላሠለጠነ አተረፈ። ይህ እስካለ ድረስ ለባለቤቶች ስለ ሞራል ብንሰብክ የሚሰማን ጥቂት ነው።

ለዚህ የሚሆን መፍትሔ ግን ሩቅ አገር መሄድ ሳያስፈልግ ከጎረቤታችን ኬንያ ማየት ይቻላል። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ1975 በስዊዘርላንድ መንግሥት ድጋፍ በናይሮቢ ኡታሊ ኮሌጅን ሲያቋቁሙ፣ ማስኬጃው የሚመጣው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ከገቢያቸው ላይ ከሚከፍሉት 2 በመቶ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ሁሉም ከከፈለ፣ የሠለጠነውን ልጅ ማንም ቢወስደው የሥልጠናው ዋጋ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ «ለጎረቤት ልስጥ?» የሚለው ጥያቄ መሠረቱ ይናዳል። ስዊዘርላንዶቹ ራሳቸውም ቢሆኑ በሎዛን ያለውን ስመ ጥር የሆቴል ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 ሲከፍቱ፣ የከፈቱት የሆቴል ባለቤቶች ናቸው። የሰው ያለህ ያሉት እነርሱ ስለነበሩ ትምህርት ቤቱን እነርሱ ሠሩት። በእኛ አገር ደንበኛው በሂሳቡ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ በብዙ ቤቶች ደግሞ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይከፍላል። ከሆቴሉ ገቢ ላይ ለሥልጠና ብቻ የሚውል ትንሽ ድርሻ ተለይቶ ቢቀመጥና የት እንደዋለ ለከፋዮቹ በየዓመቱ ቢነገር የሚቃወም ባለቤት ይኖራል፤ ነገር ግን እንደ እኔ ሠራተኛ ፍለጋ ሲንከራተት የከረመው ባለቤት የሚቃወም አይመስለኝም።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳን አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም በእኔ ላይ የጎደለው ነው። በጀርመን አንድ ወጣት አብሳይ ለመሆን 3 ዓመት ይወስድበታል፤ ከሆቴሉ ጋር ውል ይፈርማል፣ አበል ይከፈለዋል፣ ወደ ሙያ ትምህርት ቤትም ይመላለሳል። እኔን ያስገረመኝ ግን ይህ አይደለም። በዚያ አገር እርሱን በማዕድ ቤት ውስጥ የሚያሠለጥነው ሰው ራሱ የማሠልጠን ብቃት ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ምግብ ማብሰል መቻሉ ብቻውን አይበቃም። እኔ በዚያ ደብተር ላይ «አሠልጣኝ» ተብዬ ስፈርም፣ ስለ ማስተማር አንድም ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እንዴት እንደሚታይ፣ እንዴት እንደሚታረም፣ አንድ ተግባር በስንት ክፍል ተቆራርጦ እንደሚሰጥ አላውቅም። የማውቀው መጮህ ነበር፤ መጮህንም የተማርኩት ከተጮኸብኝ ሰዎች ነው። እናቴን ያህል እንኳን መሆን አልቻልኩም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ ለማጆች የሚደነግግ ክፍል አለው፤ አሠሪው ለለማጁ የተሟላና ሥርዓት ያለው ሥልጠና ለመስጠት፣ ለማጁም ታዝዞ ለመማር የሚዋዋሉበት ነው። «የተሟላና ሥርዓት ያለው» የሚለውን ሐረግ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከኮሌጅ በደብዳቤ የሚመጡ ልጆች እንዲህ ያለ ውል ሲፈርሙ በ20 ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን አላየሁም። የሚፈርሙት የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ ከጣዕም በላይ መሆኑን የተረዳሁት በአንድ የሁዳዴ ረቡዕ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ስለዚህ የእኛ ማዕድ ቤት ከዓመቱ ትልቁን ክፍል በጾምና በፍስክ ተከፍሎ ነው የሚሠራው። ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ፣ ሰሌዳው ለየብቻ ነው። በዚያ ቀን አንድ አዛውንት የጾም ሽሮ ያዝዛሉ። አስተናጋጁ የሦስት ቀን ሠራተኛ ነው። «ቅቤ የለበትም አይደል ልጄ?» ብለው ይጠይቁታል፤ እርሱም «የለበትም አባባ» ይላቸዋል። አልዋሸም፤ እንደሌለበት ነው የሚያስበው። ማዕድ ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ተለማማጅ የፍስኩን ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ነክሮ ነበር። ሁለት ጭልፋ ለምን እንደተሰቀለ ማንም አልነገረውም፤ አንዱ ከቆሸሸ ሌላው እንዲያገለግል መስሎታል። አዛውንቱ በመጀመሪያው ጉርሻ የቅቤውን ሽታ ለዩት። አልጮኹም። እጃቸውን ታጥበው፣ ሂሳባቸውን ከፍለው፣ «ልጄ፣ አንተ አላጠፋህም» ብለውት ወጡ። ማን እንዳጠፋ ግን አልተናገሩም። ያ ጭልፋ በሽታ ያለበት ሥጋ ቢነካ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አይከብድም። እንግዳ የሚቀርብለትን ምግብ የሚበላው የማያየውን ሰው አምኖ ነው።

የሥልጠና ጉዳይ ሲነሣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትን እህቶቻችንንም አስባለሁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ፣ አንዲት ልጅ ለቤት ሠራተኛነት ለመሄድ 8ኛ ክፍል እንድታጠናቅቅና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ይጠይቅ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን በዚያም ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው አለ። ያልታየ እጅ «ብቁ» ተብሎ ሲፈረምበት፣ እኔ ዘንድ የመጣችው ልጅ ያጣችው አንድ የሥራ ዕድል ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት የደረሰችው ግን የማታውቀው ምድጃ ፊት፣ የማታውቀው ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ብቻዋን ትቆማለች። በሌላ በኩል ከዚያ የተመለሱት ብዙ ይዘው ይመጣሉ። ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የሊባኖስን ምግቦች፣ ታቡሌውን፣ ኪቤውን፣ የወይን ቅጠል ጥቅልሉን በማንም ሼፍ ፊት ሳታፍር ትሠራለች፤ ወረቀት ስለሌላት ግን ለ4 ዓመት የቆየችው በሰላጣ አጣቢነት ነበር። እጅ የሌለው ወረቀትና ወረቀት የሌለው እጅ በአንድ ማዕድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በፈተናው ውጤት መሠረት መቀጠር አትችልም ነበር፤ የቀጠርናቸው ሁለቱ ልጆች ከእርሷ በግልጽ የተሻሉ ናቸው፤ ይህን ማጣመም ሁለተኛ ጥፋት ይሆንብኝ ነበር። ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግሬ፣ ለ6 ወር አበል እየተከፈላት በጽሑፍ በተዘጋጀ የሥልጠና ዕቅድ እንድትገባ አደረግን። ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። የማውቀውን ነገር በየተራ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቢላዋ አያያዝ ብቻውን አንድ ገጽ ሆነ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጠየቀችኝ። ሰሌዳ እያጠበች ነበር፤ ቀና ሳትል፣ «ሼፍ፣ ያኔ ለምን አላሳዩንም?» አለችኝ። ሥራ በዝቶ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ እርሷም እዚያው ስለነበረች ሥራው ምን ያህል እንደነበረ ታውቃለች። «ማሳየት የእኔ ሥራ አልመሰለኝም ነበር» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ማጠቧን ቀጠለች።

ዘንድሮ ኮሌጁ 12 ተለማማጆች ሊልክልን ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ከ3 በላይ መቀበል አልችልም ብዬ መለስኩ። ሥራ አስኪያጁ አልወደደውም፤ የፋሲካ ዝግጅት ደርሷል፣ ሽንኩርቱን ማን ሊልጠው ነው አለኝ። ለሽንኩርቱ ሁለት የቀን ሠራተኞች በደመወዝ ይቀጠሩ አልኩት፤ እስካሁን እየተከራከርንበት ነው። የቀሩት 9 ልጆች የት እንደሄዱም አስባለሁ፤ ምናልባት 9ኙንም በአንድ ዓርብ የሚፈርምላቸው ቤት አግኝተው ይሆናል። ከሦስቱ ደብተሮች ግን እስከ ትናንት ድረስ የፈረምኩት 4 መስመር ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ የዶሮ ብልት አወጣጥ ነው፤ ያሳየቻቸው እርሷ ናት። እኔ ከጎን ቆሜ ነበር የማየው። የአንደኛውን ተለማማጅ እጅ ይዛ ጣቱን ከመገጣጠሚያው ላይ አሳረፈችና፣ «እዚህ ጋ ክፍተቱ ይሰማሃል? አጥንቱን አትምታው፤ ክፍተቱን ፈልግ» አለችው። መላላጫው ያለ ስባሪ ወጣ። ልጁ 12 ብልቱን ሰሌዳው ላይ ደርድሮ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው።